ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን፤ ደመወዝ ያለውን የአጭር ጊዜ የሥራ ልምምድ በኢንተርኔት ስለ መፈለግና ስለ ማመልከት

መግቢያ



የፎገራ ሰው ላም ያውቃል። የአገራችን የከብት ዘሮች ሲቈጠሩ በሜዳችን ስም «የፎገራ ከብት» ተብሎ የሚጠራ ዘር አለና፤ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ለእኛ ከሌላው አገር ሰው ይልቅ ቶሎ ይገባናል። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚተላለፉት የሥራ ማስታወቂያዎች አያሌ ናቸው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በበረት የታሰሩ እውነተኛ ላሞች ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ግን የሰማይ ላሞች ናቸው። የዚህ ትምህርት ዓላማ ሁለቱን ለይቶ ማወቅን፣ እውነተኛው በተገኘ ጊዜም በሚገባ ማመልከትን ማሳየት ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ነው። ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር ከተማሪዎቼ አንዱ ስልኩን ይዞ ወደ መምህራን ክፍል መጣ። በስልኩ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ነበር። «የክረምት የሥራ ልምምድ፤ ደመወዝ በወር 18,000 ብር፤ ልምድ አያስፈልግም፤ የቀረው ቦታ ጥቂት ስለ ሆነ ዛሬውኑ ይመዝገቡ» ይላል። ልጁ እንዳነብለት ለመነኝ። እኔም የፈተና ወረቀት በማረም ላይ ስለ ነበርሁ ዓይኔን ጣል ብቻ አድርጌበት «ደግ ነው፤ ሞክር» አልሁት። ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የ1,500 ብር የመመዝገቢያ ክፍያ አላየሁም።

ልጁም ለእናቱ «መምህር አይተውታል» ብሎ ነግሮ፣ ለማዳበሪያ የተቀመጠውን ገንዘብ ተቀብሎ ላከ። በማግሥቱ ለደንብ ልብስ ተብሎ 800 ብር ተጠየቀ፤ እርሱንም ተበድሮ ላከ። ከዚያ በኋላ ስልኩን የሚያነሣ ሰው ጠፋ። ልጁ ከኀፍረት የተነሣ አንድ ሳምንት ከትምህርት ቀረ። እናቱ ወደ ትምህርት ቤት መጥተው «መምህር፣ እርስዎ አይተውታል ቢለኝ እኮ ነው የሰጠሁት» አሉኝ። አልተቈጡኝም፤ ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ትምህርት ብቻ ሳይሆን የዕዳ ክፍያም ጭምር መሆኑን አስቀድሜ እናገራለሁ።

1ኛ/ የሥራ ልምምድ ማለት ምን ማለት ነው?

የሥራ ልምምድ፣ ብዙዎች በእንግሊዝኛው ስም «ኢንተርንሺፕ» የሚሉት፣ አንድ ተማሪ ወይም አዲስ ተመራቂ ለተወሰነ ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት ገብቶ እየሠራ የሚማርበት ሥርዓት ነው። ሦስት ምልክቶች አሉት። የመጀመሪያው መነሻውና መድረሻው በቀን የታወቀ መሆኑ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወር እስከ ስድስት ወር ይደርሳል። ሁለተኛው ለማጁን የሚቈጣጠርና የሚያሳይ አንድ የታወቀ ሰው መኖሩ ነው። ሦስተኛው ለማጁ በመጨረሻው ምን እንደ ተማረ የሚመሰክር ወረቀት መቀበሉ ነው። ከእነዚህ አንዱ የጐደለበት ነገር ልምምድ ሳይሆን ሌላ ሥራ ሊሆን ስለሚችል መጠየቅ ይገባል።

የሥራ ልምምድ ደመወዝ ወይም አበል ያለው፣ ደግሞም ያለ ክፍያ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች «የትብብር ሥልጠና» የሚባለው፣ ሠልጣኙ ከኮሌጁ ወጥቶ በድርጅት ውስጥ የሚለማመድበት ሥርዓት የዚሁ ዘመድ ነው። የዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎችም ወደ ፋብሪካና ወደ ግንባታ ቦታ ወጥተው የሚቈዩበት የልምምድ ጊዜ በትምህርታቸው ውስጥ ተመድቦላቸዋል።

ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን፣ ተማሪዎቹን በአንድ ቡድን አድርጎ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እየላከ ያለማምዳቸው ነበር። እንደዚሁም በ1957 ዓ.ም. የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የተባለውን ሥርዓት ጀመረ። በዚህም ሥርዓት ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ከዩኒቨርሲቲው ወጥቶ ያገለግል ነበር። የሚበዙትም በጠቅላይ ግዛት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲያስተምሩ ለኑሯቸው መጠነኛ አበል ይቀበሉ ነበር። በዚያን ጊዜ ተማሪውን የሚመድበው ዩኒቨርሲቲው ነበረ። ዛሬ ግን አብዛኛውን ቦታ ተማሪው ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት። የዘመኑ ለውጥ ይህ ነው፤ የዚህም ትምህርት አስፈላጊነት ከዚሁ ይመጣል።

2ኛ/ ሕጉ ምን ይላል?

ሥራ ከመፈለግ በፊት መብትን ማወቅ ይቀድማል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ዕድሜው 15 ሞልቶት 18 ዓመት ያልሞላው «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል። ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ እንዲሁም በሳምንት የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓላት እንዲሠራ ማድረግ ክልክል ነው፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም አይታዘዝም። ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ብዙዎቹ በዚህ ዕድሜ ውስጥ ስለሚገኙ ይህን በቃላቸው ሊይዙት ይገባል።

አዋጁ ሙያ ለመልመድ ስለሚገባ ሰውም ይናገራል። «የሙያ መልመጃ ውል» በጽሑፍ መሆን አለበት። በውሉም ውስጥ ቢያንስ የሥልጠናው ዐይነትና የሚፈጀው ጊዜ፣ በልምምዱ ወቅት የሚከፈለው ገንዘብ፣ የሥራውም ሁኔታ ሊገለጽ ይገባል። ስለዚህ «ክፍያውን ኋላ እንነጋገራለን» የሚል አሠሪ ሲያጋጥም፣ በትሕትና «በጽሑፍ ይሁንልኝ» ማለት ነውር አይደለም።

ከዚህም ሌላ የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው 181ኛ ስምምነት፣ ሥራና ሠራተኛን የሚያገናኙ የግል ኤጀንሲዎች በመሠረቱ ከሠራተኛው ላይ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይቀበሉ ተደንግጓል። አገራችንም ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ1999 አጽድቃለች። እኔ ይህን ባለፈው ግንቦት አስታውሼው ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ አይከስርም ነበር።

3ኛ/ የት ይፈለጋል?

ፍለጋውን በሦስት ክበብ መክፈል ይጠቅማል፤ ይኸውም የቅርብ፣ የአገርና የዓለም ነው።

ሀ) የቅርብ ክበብ፤ ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደውም መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። የሩዝ መፈልፈያ ቤቶች፣ የእህል ነጋዴዎች፣ ባንኮች፣ ሆቴሎች፣ መድኃኒት ቤቶችና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች አሉባት። የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው በዚሁ ነው። እነዚህ ሁሉ የሥራ ልምምድ ማስታወቂያ በየዕለቱ ያወጣሉ ማለት አይደለም፤ የሚበዙት ከነጭራሹ አያወጡም። ነገር ግን አብዛኞቹ የስልክ ቍጥር፣ የኢሜይል አድራሻ ወይም የቴሌግራም ገጽ ስላላቸው ሳይጠሩ ማመልከት ይቻላል። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከሁሉ የሚቀርበው በር ይህ ነው። ደብዳቤውን በኢሜይል ከላኩ በኋላ በአካል ቀርቦ «ማመልከቻዬ ደርሶ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ የሚቻለውም እዚሁ ብቻ ነው።

ለ) የአገር ክበብ፤ «ኢትዮጆብስ» እና «ሐሁ ጆብስ» የተባሉት ድረ ገጾች የሥራ ማስታወቂያዎችን በየሙያው ለይተው ያወጣሉ። «ደረጃ» የተባለው ደግሞ ይልቁንም የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎችን ከቀጣሪዎች ጋር ለማገናኘት የተቋቋመ ነው። «አፍሪወርክ» በቴሌግራም በኩል አጫጭር ሥራዎችን ያሳውቃል። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም ሥራ ፈላጊዎች የሚመዘገቡበት የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት አለው። በእነዚህ ሁሉ መመዝገብ ለሥራ ፈላጊው በነጻ ነው። ሆኖም በእነርሱ ላይ የሚወጣው የልምምድ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ወይም የኮሌጅ ተማሪን እንደሚፈልግ አትዘንጉ። ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ጥቅሙ የዛሬ ሥራ ከማግኘት ይልቅ ቀጣሪዎች ምን ዐይነት ችሎታ እንደሚጠይቁ አስቀድሞ ማወቅ ነው። አሥር ማስታወቂያ አንብቦ በአሥሩም ውስጥ ተደጋግሞ የሚገኘውን ችሎታ በደብተር የጻፈ ተማሪ፣ በክረምቱ ምን እንደሚያጠና ያውቃል።

ችሎታውንም ያለ ገንዘብ ለማግኘት መንገድ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አገራችን ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን የሦስት ዓመት ዕቅድ ጀመረች። በዚህም የፕሮግራም አጻጻፍ፣ የዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ ስልክ መተግበሪያ አሠራርና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርት በኢንተርኔት በነጻ ተሰጥቷል፤ ለጨረሰውም የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ይህ ትምህርት እንጂ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ለማመልከቻ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል።

ሐ) የዓለም ክበብ፤ ከቤት ሳይወጡ ለውጭ አገር ድርጅት የሚሠሩባቸው የታወቁ የልምምድ ቦታዎች አሉ። ለምሳሌ «አውትሪቺ» የተባለው ፕሮግራም በነጻ በሚሠራጩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ላይ ለሦስት ወር እያሠራ ለለማጁ 7,000 የአሜሪካ ዶላር ሲከፍል ቈይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው «የጉግል የበጋ ኮድ» ደግሞ ክፍያውን እንደየአገሩ ይወስናል። ለሁለቱም ዕድሜ 18 መሙላት አለበት። ሁለቱም አመልካቹን የሚመርጡት በወረቀቱ ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ በሠራው ሥራ ወይም ባቀረበው ዕቅድ ነው እንጂ። በአንጻሩ ታላቅ ስም ያለው ሁሉ ይከፍላል ማለት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ሴክሬታሪያት ለለማጆቹ ደመወዝ አይከፍልም፤ ለማጁም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም አዲስ ተመራቂ መሆን አለበት። ይሁን እንጂ ድርጅቱ በቅጥር ሂደት በየትኛውም ደረጃ ከአመልካች ገንዘብ እንደማይጠይቅ በማስታወቂያዎቹ ሁሉ ላይ ይጽፋል። በዚህ ታላቅ ድርጅት ስም ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሐሰተኛ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

4ኛ/ ማስታወቂያን እንዴት እናነባለን?

እኔ የበደልሁት በዚህ ክፍል ነው። ማስታወቂያ ከርእሱ እስከ መጨረሻው ነጥብ ይነበባል፤ ሲነበብም የሚከተሉት አምስት ጥያቄዎች ይጠየቃሉ።

1. ቀጣሪው ማን ነው? ስሙ፣ አድራሻውና ስልኩ ተጽፏል? ያው ማስታወቂያ በራሱ በድርጅቱ ገጽ ላይ ይገኛል?
2. ሥራው ምንድን ነው? በየቀኑ የሚሠራው ነገር በግልጽ ተነግሯል?
3. ከመቼ እስከ መቼ ነው? ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ያበቃል?
4. ክፍያው ስንት ነው? በወር ነው ወይስ በጠቅላላው? የመጓጓዣና የምግብ ወጪ በማን ነው?
5. ማመልከቻው እንዴትና እስከ መቼ ይላካል?

በአምስተኛው ጥያቄ ላይ የእኛ አገር ተማሪ ብዙ ጊዜ ይሰናከላል። ምክንያቱም በሁለት የዘመን አቈጣጠርና በሁለት የሰዓት አቈጣጠር መካከል ስለምንኖር ነው። በፈረንጅ ሰዓት 5 ሰዓት ከቀትር በኋላ ማለት በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ደግሞም የውጭ ድርጅቶች ብዙዎቹ የግሪንዊችን ሰዓት ይጠቅሳሉ፤ የእኛ ሰዓት ከዚያ በሦስት ሰዓት ይቀድማል። ለምሳሌ የመጨረሻው ጊዜ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2026 በግሪንዊች ሰዓት 23፡59 ነው ቢባል፣ በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ59 ደቂቃ መሆኑ ነው።

የትውልድ ዘመንም እንዲሁ ነው። መስከረም 5 ቀን 2001 ዓ.ም. የተወለደ ተማሪ በፈረንጅ ዘመን ሴፕቴምበር 15 ቀን 2008 ብሎ ይሞላል። ሳይለውጥ 2001 ብሎ ቢሞላ ዕድሜው በሰባት ዓመት ይጨምርና ከመታወቂያው ጋር አይስማማም። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻው ሳምንት ግድም 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጕሜን 8 ዓመት እንደሚጨመር አስታውሱ።

5ኛ/ ማመልከቻ እንዴት ይዘጋጃል?

ማመልከቻ ሦስት ክፍል አለው፤ የግል ታሪክ መግለጫ ወይም ሲቪ፣ የማመልከቻ ደብዳቤና ማስረጃዎች ናቸው።

ስለ ስም። የውጭ ቅጾች የራስ ስምና የቤተሰብ ስም ብለው ሁለት ሣጥን ያቀርባሉ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ስለዚህ በፋይዳ መታወቂያችሁና በትምህርት ማስረጃችሁ ላይ ባለው አጻጻፍ መሠረት አንድ ጊዜ ወስናችሁ፣ በየቅጹ ያለ ለውጥ መጻፍ ይገባችኋል። «ፀሐይ» የሚለውን ስም አንዱ ወረቀት በእንግሊዝኛው በ«ቲ» እና በ«ኤስ»፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ ቢጽፈው፣ የማያውቀን ሰው ሁለት ሰው ይመስለዋል። የኢሜይል አድራሻም በራስ ስም ይሁን፤ ለጨዋታ የወጣ ቅጽል ስም ለሥራ አይሆንም።

ስለ ግል ታሪክ መግለጫ። ከአንድ ገጽ አይበልጥ። ብዙ ተማሪ «እኔ ልምድ የለኝም፤ ምን እጽፋለሁ?» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። የአባቱን የሩዝ ምርት በኩንታል መዝግቦ የያዘ፣ በቅዳሜ ገበያ ለእናቱ ሽንኵርት ሸጦ ሒሳብ ያስረከበ፣ የክፍል ተጠሪ ሆኖ የስድሳ ተማሪ ስም የጠራ፣ ሩዝ ከታጨደ በኋላ ጓያ ሲዘራ ቀኑንና መጠኑን የሚያውቅ ልጅ ልምድ አለው። የጐደለው ልምዱን በቍጥርና በግልጽ ቃል መጻፍ ብቻ ነው። «ታታሪና ታማኝ ነኝ» ከሚል አሥር መስመር፣ «በ2017 ዓ.ም. የቤተሰቤን የሩዝ ሽያጭ ለአራት ወር በደብተር መዝግቤአለሁ» የሚል አንድ መስመር ይበልጣል። ያልሠሩትን ሠራሁ ብሎ መጻፍ ግን በመጀመሪያው ጥያቄ የሚገለጥ ውሸት ነው።

ስለ ደብዳቤው። ከዚህ በታች አንድ ምሳሌ ቀርቧል።

ቀን ______
ለ ______ የሩዝ መፈልፈያ ድርጅት
ወረታ

ጉዳዩ፦ የሁለት ወር የክረምት የሥራ ልምምድ ስለ መጠየቅ

እኔ በወረታ ከተማ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስሆን ዕድሜዬ 17 ዓመት ነው። ከሐምሌ 1 እስከ ጳጕሜን መጨረሻ በድርጅታችሁ በመዝገብ አያያዝ ሥራ ለመለማመድ እጠይቃለሁ። የኤክሴልን አሠራር በትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክበብ ተምሬአለሁ፤ የቤተሰቤንም የሩዝ ሽያጭ ለአራት ወር መዝግቤ ይዣለሁ። መዝገቡ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ገቢና ወጪ ሩዛችሁን በየቀኑ በኮምፒውተር ለመመዝገብ እችላለሁ። ስለ ክፍያውና ስለ ሥራው ሰዓት ለመነጋገር በሚመቻችሁ ቀን እቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስም፣ ስልክና ኢሜይል ______

ይህ ደብዳቤ አጭር ነው፤ ግን ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚችል፣ ለድርጅቱም ምን እንደሚጠቅም ይናገራል። ችግርን እየዘረዘሩ ማልቀስ፣ ወይም አሠሪውን ከልክ በላይ ማወደስ አያስፈልግም። ደብዳቤው ለሌላ ድርጅት ሲላክ ስሙንና ሥራውን መለወጥ እንዳይረሳ፤ ለባንክ በተላከ ደብዳቤ ውስጥ «የሩዝ መፈልፈያችሁ» የሚል ቃል ቢገኝ አንባቢው ከዚያ በላይ አያነብም።

ስለ አላላክ። ወረቀቶቹን በፒዲኤፍ አድርጋችሁ በስልካችሁና በሌላም ቦታ አስቀምጡ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን፤ መብራትም በክረምት ይጠፋል። ስለዚህ ደብዳቤውን ያለ ኢንተርኔት አስቀድሞ መጻፍ፣ መስመሩ በተገኘ ጊዜም ወዲያውኑ መላክ፣ ከመጨረሻው ቀን ቢያንስ ሦስት ቀን መቅደም የብልህ ሥራ ነው። የላኩትንም ሁሉ በደብተር መመዝገብ ይገባል፤ ለማን፣ መቼ፣ በምን መንገድ ተላከ፣ ምን መልስ መጣ ተብሎ ይጻፋል።

6ኛ/ የሰማይ ላም ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ቁሙና ሌላ ሰው ጠይቁ።

ሀ) ሥራ ለመስጠት ገንዘብ ሲጠየቅ። ስሙ መመዝገቢያ፣ ዋስትና፣ ሥልጠና ወይም የደንብ ልብስ ቢባል ያው ነው። አሠሪ ለሠራተኛ ይከፍላል እንጂ ሠራተኛ ለአሠሪ አይከፍልም።
ለ) ደመወዙ ከሥራው ጋር ሳይመጣጠን ሲቀር። ልምድ ለሌለው ልጅ ያለ ፈተናና ያለ ጥያቄ ብዙ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ምክንያት አለው።
ሐ) «ዛሬውኑ፤ አሁኑኑ» ተብሎ ሲቻኰል። የቸኰለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እውነተኛ ማስታወቂያ የማሰቢያ ቀን ይሰጣል።
መ) የባንክ የምስጢር ቍጥር፣ በስልክ የተላከ የማረጋገጫ ቍጥር ወይም የመታወቂያ ፎቶግራፍ ከቃለ መጠይቅ በፊት ሲጠየቅ። የማረጋገጫ ቍጥር ለማንም አይነገርም።
ሠ) አድራሻው ሲያጠራጥር። የአገራችን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጽ «ነጥብ ጎቭ ነጥብ ኢቲ» በሚል ያበቃል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስም መጥቶ በሌላ የሚያበቃ ከሆነ መመርመር ያሻል።
ረ) ወደ ሩቅ ከተማ ወይም ወደ ውጭ አገር ብቻችሁን ኑ ሲባል። ለወላጅ ሳይነገር፣ ቦታው በሌላ ሰው ሳይረጋገጥ ጕዞ አይጀመርም። ይህ በተለይ ለእኅቶቻችን የተነገረ ይሁን፤ የገንዘብ ጉዳት ይካሳል፣ የሰው ጉዳት ግን አይካስም።

የተታለለ ተማሪ ቢኖር ደግሞ አይደበቅ። የላከበትን ደረሰኝና መልእክቱን ሳያጠፋ ለወላጁ፣ ለመምህሩና ለፖሊስ ያመልክት። ኀፍረቱ የአታላዩ እንጂ የተታለለው አይደለም።

7ኛ/ መልስ ሲመጣና ሳይመጣ

መልስ ካልመጣ በሳምንቱ አንድ አጭር የማስታወሻ መልእክት መላክ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ማስቸገር ነው። እንቢታ ቢመጣ አመስግኖ ለሌላው መጻፍ ይገባል። ጥሪ ቢመጣ በሰዓቱ መገኘት፣ የላኩትን ደብዳቤ ደግሞ ማንበብ፣ ስለ ድርጅቱም ሁለት ጥያቄ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ከተቀበሏችሁ ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ። ዕድሜያችሁ 18 ካልሞላ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አብሮ ያንብብ። በልምምዱ ጊዜ የተማራችሁትን በየማታው ሁለት መስመር ጻፉ። በመጨረሻው ቀን የምስክር ወረቀት ጠይቁ፤ በሕጉ መሠረት በሙያ መልመጃ ውል የገባ ሰው ሙያውንና የልምምዱን ጊዜ የሚገልጽ ወረቀት ይሰጠዋል። ያ ወረቀት ለቀጣዩ ማመልከቻ የመጀመሪያው መስመር ይሆናል።

መደምደሚያ

ያ ተማሪ ከሳምንቱ በኋላ ወደ ክፍል ተመለሰ። እኔም ይቅርታ ጠየቅሁት። በሰኔ ወር ከላይ የተመለከተውን የመሰለ ደብዳቤ ከእርሱ ጋር ተቀምጠን ጻፍንና በከተማችን ላሉ ሰባት ድርጅቶች ላክን። አምስቱ አልመለሱም፤ አንዱ «ቦታ የለንም» አለ፤ ሰባተኛው ግን ጠርቶ አነጋገረው፣ ለሁለት ወርም ገቢና ወጪ እንዲመዘግብ ተቀበለው። ደመወዙ ያ ማስታወቂያ ከተናገረው አራተኛ እጅ አይሞላም ነበር። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያው ደመወዙ የማዳበሪያውን ገንዘብ ለእናቱ መለሰ። ላሟ ትንሽ ናት፤ ወተቷ ግን ታየች።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፤ ኢንተርኔት መንገድ ነው። በመንገድ ላይ ደግ ሰውም ወንበዴም ይሄዳል። በላዩ የሚሄደው ሰው የሚያነብ፣ የሚጠይቅና ያለውን ችሎታ በእውነት የሚጽፍ ከሆነ ከወረታ ተነሥቶ ወደሚፈልግበት ይደርሳል። እናንተም የምታነቡት ነገር ካጠራጠራችሁ ወደ መምህራን ክፍል አምጡት። እኔ በበኩሌ ከእንግዲህ እስከ መጨረሻው ነጥብ አነብላችኋለሁ።

መልመጃ

1. አንድ የሥራ ማስታወቂያ ፈልጋችሁ በአምስቱ ጥያቄዎች መርምሩ። መልስ ያጣው ጥያቄ የትኛው ነው?
2. የትውልድ ቀናችሁን ወደ ፈረንጅ አቈጣጠር ለውጡና ከመታወቂያችሁ ጋር አመሳክሩ።
3. ባለፈው ዓመት በቤት፣ በእርሻ ወይም በገበያ የሠራችሁትን ሦስት ሥራ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ቍጥር እያስገባችሁ በሦስት መስመር ጻፉ።
4. በወረታ ካሉት ድርጅቶች አንዱን መርጣችሁ ከመቶ ቃል ያልበለጠ የማመልከቻ ደብዳቤ አዘጋጁ።